ከአያያዝና ከአነጋገር፦ በብርሃን ርቀት የሚለካ ሴንሰር ሲተከልና ሲጠየቅ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



ዛሬ የምናገረው የምስር ፍሬ ስለሚያህል አንድ ዕቃ ነው። ርዝመቱ 4.4፣ ወርዱ 2.4፣ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ነው። በውስጡ ለዓይን የማይታይ ብርሃን የሚልክ ትንሽ ሌዘርና የተመለሰውን ብርሃን የሚቀበል ክፍል አለው። ከፊቱ ያለው ነገር ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚርቅ ለጠየቀው ይናገራል። እንዴት እንደሚተከልና እንዴት እንደሚጠየቅ ላስረዳችሁ መጥቻለሁ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ስሕተቴን ልንገራችሁ፤ ትምህርቱን የተማርሁት በቤተ ሙከራ ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን በመስቀል አደባባይ የቀትር ፀሐይ ነውና።

አደባባዩ ላይ የሆነው

መስቀል አደባባይን የማያውቅ በመካከላችን የለም። መስከረም 16 ቀን ደመራ የሚበራበት፣ ንጋት ላይ ሯጮች ደረጃውን እየወጡና እየወረዱ የሚሠለጥኑበት፣ በ2013 ዓ.ም. ታድሶ በሥሩ ሰፊ የመኪና ማቆሚያ የተሠራለት ስፍራ ነው። በአንድ የታኅሣሥ ቀን፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ፣ ከተማሪዎቼ ጋር ወደዚያ ሄድን። አብረውን ዓይነ ስውር የሆኑ አንድ ጡረተኛ መምህር ነበሩ፤ ተማሪዎቹ ጋሼ ይሏቸዋል፤ እኔም ከዚህ በኋላ እንዲሁ እላቸዋለሁ። ተማሪዎቹ የሠሩትን በትር ሊሞክሩልን ፈቃደኛ ሆነው የመጡ ናቸው።

የበትሩ አሳብ ቀላል ነበር። ነጭ በትር መሬት ላይ ያለውን ድንጋይና ጉድጓድ ያገኛል፤ በደረት ከፍታ ወጣ ብሎ የቆመውን ነገር ግን በሥሩ አልፎ ይሄዳል። ስለዚህ በትሩ ላይ ወደ ፊትና ትንሽ ወደ ላይ የሚያይ ሴንሰር ተተከለ። ከአንድ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ነገር ካገኘ እጀታው ይንቀጠቀጣል፤ ካላገኘ ዝም ይላል። በቤተ ሙከራው ውስጥ ግድግዳውንም፣ ወንበሩንም፣ ሰውንም ያለ ስሕተት ይለይ ነበር። ፕሮግራሙን አይቼ “በቃ፣ ውጡና ሞክሩት” ያልሁት እኔ ነኝ።

ጋሼ በእርጋታ መራመድ ጀመሩ። ለአንድ ዝግጅት በጊዜያዊነት ከቆመ መድረክ ጎን ሲደርሱ፣ ጠቆር ያለ አግዳሚ ብረት በትከሻቸው ትይዩ ወጥቶ ነበር። እጀታው ዝም አለ። እኛ ጮኸን ሳንጨርስ ትከሻቸው ብረቱን መታ፤ መነጽራቸውም ወደቀ። ደግነቱ ጉዳቱ ቀላል ነበር። መነጽሩን አንሥተን ስንሰጣቸው ወደ እኔ ዞረው እንዲህ አሉኝ፦ “ልጄ፣ ዝም ሲለኝ መንገዱ ነጻ ነው ማለቱ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እሱም አላየም።”

የዛሬው ንግግሬ በሙሉ የዚህ አረፍተ ነገር ማብራሪያ ነው። “የለም” እና “አላየሁም” ሁለት የተለያዩ መልሶች ናቸው። ሴንሰሩ ሁለቱን ለይቶ ያውቃል፤ ለይቶም ይናገራል። አንድ ያደረግናቸው እኛ ነን። አበው “ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል” እንዳሉት፣ የእኛም ጉድለት ከፊሉ በአያያዝ፣ ዋናው ደግሞ በአነጋገር ነበር። ንግግሬንም በእነዚሁ በሁለቱ ከፍዬዋለሁ።

ብርሃን ርቀትን እንዴት ይናገራል

አስቀድሜ የአሠራሩን መሠረት ላስረዳ። ብርሃን በአንድ ሰከንድ ውስጥ 299,792,458 ሜትር ይጓዛል። በአንድ ናኖሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ ውስጥ፣ የሚሄደው 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ነው። አንድ ሜትር ርቆ ወዳለ ግድግዳ ደርሶ ለመመለስ 6.7 ናኖሰከንድ ያህል ይበቃዋል። ስለዚህ የደርሶ መልሱን ጊዜ የለካ፣ ርቀቱን ለካ ማለት ነው።

አሳቡ አዲስ አይደለም። በ1849 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ፊዞ በፓሪስ አካባቢ 8.6 ኪሎ ሜትር ያህል በሚራራቁ ሁለት ቦታዎች መካከል ብርሃን ልኮ በመስታወት እንዲመለስ አደረገ። በፍጥነት የሚሽከረከር ጥርሳም ጎማ በብርሃኑ መንገድ ላይ አቁሞ፣ ብርሃኑ በአንዱ ጥርስ ክፍተት ወጥቶ ሲመለስ በሚቀጥለው ጥርስ የሚጋረድበትን ፍጥነት ፈለገ፤ ከዚያም የብርሃንን ፍጥነት አሰላ። ከመስቀል አደባባይ እስከ እንጦጦ ጋራ አናት በቀጥታ መስመር ቢለካ ከዚያ ርቀት ብዙም አይለይም። ፊዞ ርቀቱን አውቆ ፍጥነቱን ፈለገ። እኛ ፍጥነቱን አውቀን ርቀቱን እንፈልጋለን።

ልዩነቱ የእኛ ርቀት እጅግ አጭር መሆኑ ነው። አንድ ሚሊ ሜትርን ለመለየት 6.7 ፒኮሰከንድ፣ ማለትም የናኖሰከንድን አንድ ሺሕኛ እየቆጠሩ 6.7 ያህሉን መለየት ይጠይቃል። በአንድ ምት ይህን ማድረግ አይቻልም። ስለዚህ ሴንሰሩ ብዙ ምቶችን ይልካል፤ አንዲት የብርሃን ቅንጣት እንኳ ስትነካቸው በሚነቁ ጥቃቅን ዳዮዶች የተመለሰውን ይቆጥራል፤ ከብዙው ቆጠራ አንድ አማካይ መልስ ያወጣል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የሚሰጠን ቁጥር የብዙ ቅንጣቶች ድምፅ ብልጫ ነው። ድምፅ የሰጡት ቅንጣቶች ጥቂት ከሆኑ፣ ወይም የውጭ ሰዎች፣ ማለትም የፀሐይ ቅንጣቶች፣ ገብተው ከመረጡ፣ ውጤቱ አይታመንም። (ሣቅ)

አያያዝ

ተማሪዎቻችን በብዛት የሚጠቀሙበት ቪኤል53ኤል0ኤክስ የተባለው፣ የኤስ ቲ ማይክሮኤሌክትሮኒክስ ሥራ የሆነው ሴንሰር ነው። በገበያ የሚገኘው በትንሽ ቦርድ ላይ ተበይዶ ነው። ሲተከል መታየት ያለባቸውን አምስት ነገሮች በቅደም ተከተል እነግራችኋለሁ።

አንደኛው ኃይል ነው። ሴንሰሩ ራሱ የሚሠራው ከ2.6 እስከ 3.5 ቮልት ባለው ኃይል ነው። አርዱይኖ ኡኖ ግን ባለ 5 ቮልት ነው። አብዛኞቹ ቦርዶች ኃይሉን ዝቅ የሚያደርግና የመረጃ መስመሮቹን ቮልት የሚያስማማ ክፍል አላቸው፤ አንዳንዶቹ የላቸውም። ከማገናኘታችሁ በፊት የቦርዱን ሰነድ አንብቡ፤ ካገናኛችሁም በኋላ በመልቲሜትር አረጋግጡ። በተለይ ኤክስሸት የተባለው፣ ሴንሰሩን የሚያስተኛውና የሚያነቃው እግር፣ በአንዳንድ ቦርዶች ላይ ከ5 ቮልት አልተጠበቀም።

ሁለተኛው ሽቦ ነው። አራት ሽቦ ይበቃል፦ የኃይል፣ የመሬት፣ ኤስዲኤ የተባለው የመረጃ መስመር እና ኤስሲኤል የተባለው የምት መስመር። በአርዱይኖ ኡኖ ላይ ኤስዲኤ ከኤ4፣ ኤስሲኤል ከኤ5 ጋር ይገናኛል። በእነዚህ ሁለት መስመሮች ላይ መሣሪያዎቹ ቮልቱን ወደ ታች መሳብ እንጂ ወደ ላይ መግፋት አይችሉም፤ ወደ ላይ የሚመልሳቸው ፑል አፕ የተባለው ሬዚስተር ነው። እሱ ከሌለ መስመሩ እንደ ተንጠለጠለ ገመድ ይዋልላል፤ ግንኙነትም አይኖርም። በቦርዱ ላይ መኖሩን አረጋግጡ። ሽቦውንም አታርዝሙ፤ በትሩ ላይ ከእጀታው እስከ ጫፉ የዘረጋነው ረጅም ሽቦ ሲንቀሳቀስ ግንኙነቱን ያቋርጥብን ነበር።

ሦስተኛው ልጣጭ ነው። ሴንሰሩ ከፋብሪካ ሲወጣ ፊቱ ላይ ስስ የፕላስቲክ መከላከያ ሊኖረው ይችላል። ሳይላጥ የተተከለ ሴንሰር ሁልጊዜ ቅርብ የሆነ ነገር ያያል፤ የሚያየው የራሱን መሸፈኛ ነውና።

አራተኛው መስታወት ነው። ከአቧራና ከዝናብ ለመከላከል ፊቱን በመስታወት እንሸፍነው ካልን፣ መስታወቱ ከፊሉን ብርሃን መልሶ ወደ ሴንሰሩ ይወረውራል። ከመስቀል አደባባይ ጥቂት ከፍ ብሎ በሚገኘው አፍሪካ አዳራሽ ገብቶ የአፈወርቅ ተክሌን ባለቀለም መስታወት ያየ ሰው፣ መስታወት ብርሃንን ዝም ብሎ እንደማያሳልፍ ያውቃል፤ ያስቀራል፣ ይለውጣል፣ ይመልሳል። የእኛም መስታወት ቀጭን፣ ንጹሕና ከሴንሰሩ ፊት ጋር የተጠጋ መሆን አለበት። ከተተከለም በኋላ ሴንሰሩ ከመስታወቱ የሚመለሰውን ብርሃን ለይቶ እንዲቀንስ በታወቀ ርቀት ላይ ነገር አቁሞ ማስተካከል ያስፈልጋል።

አምስተኛው የእይታው ስፋት ነው። ሴንሰሩ እንደ ክር ቀጥ ያለ መስመር አያይም፤ 25 ዲግሪ የሚከፈት ሾጣጣ ያያል። አንድ ሜትር ላይ የሾጣጣው አፍ ስፋት 44 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ጋሼን የመታቸው ብረት የክንድ ውፍረት እንኳ አልነበረውም። ስለዚህ ከተላከው ብርሃን አብዛኛው በላይና በታቹ አልፎ ሄደ፤ ብረቱን ያገኘውም ጥቂት ብርሃን ጠቆር ካለ ቀለም ላይ ወድቆ ተዋጠ።

አነጋገር

አሁን ወደ ቋንቋው እንምጣ። ሴንሰሩና ማይክሮኮንትሮለሩ የሚነጋገሩበት ሥርዓት አይ ቱ ሲ ይባላል። እንደ ስብሰባ አስቡት። ሰብሳቢው ማይክሮኮንትሮለሩ ነው። ያለ እሱ ጥሪ ማንም አይናገርም። ሲጠራ በስም ሳይሆን በቁጥር ይጠራል፤ ቁጥሩ አድራሻ ይባላል። የተጠራው በቦታው ካለ የመረጃ መስመሩን ለአንድ ምት ወደ ታች ይስባል። ይህ በእኛ ቋንቋ “አቤት” ማለት ነው። መስመሩ ካልተሳበ የተጠራው የለም፣ ተኝቷል፣ ወይም ሽቦው ተቆርጧል።

የዚህ ሴንሰር አድራሻ 41 ነው። ብዙ ተማሪዎች የሚሰናከሉበት አንድ ነገር ግን አለ። የአምራቹ ሰነድ አድራሻው 82 ነው ይላል፤ አርዱይኖ ደግሞ ሲፈልግ 41 ላይ ያገኘዋል። ሁለቱም ልክ ናቸው። አድራሻው ሰባት ቢት ነው፤ በመጨረሻው ላይ “ልጻፍ ነው ወይስ ላንብብ” የሚለው ስምንተኛ ቢት ይጨመርበታል። ስምንቱንም አንድ ላይ ያነበበ ሰው አድራሻውን በእጥፍ ያየዋል፤ የ41 እጥፍ 82 ነው። ይህን ያላወቀ ተማሪ ደኅነኛ ሴንሰር ተበላሸ ብሎ ሲጥል አይቻለሁ።

“አቤት” ካለ በኋላ ማንነቱን እንጠይቀው። በሴንሰሩ ውስጥ ሪጂስተር የሚባሉ ቁጥር ያላቸው ትናንሽ መሳቢያዎች አሉ። 192ኛውን መሳቢያ ብታነቡ መልሱ 238 መሆን አለበት፤ የቀጣዩ የ193ኛው መልስ 170 ነው። እነዚህ ካልመጡ አትቀጥሉ። ሌላ መሣሪያ እየጠራችሁ ነው፤ ወይም መስመሩ ላይ ቃል እየተዛባ ነው።

ከዚያ አምራቹ ያዘጋጀውን የመነሻ ቅንብር ትሰጡታላችሁ፤ ይህንን የተዘጋጁት የፕሮግራም ቤተ መጻሕፍት ይሠሩላችኋል። ለአንድ ልኬት በዜሮኛው ሪጂስተር 1 ቁጥርን ስትጽፉ “ለካ” ማለታችሁ ነው። ልኬቱ በተለመደው ቅንብር 33 ሚሊሰከንድ ያህል ይወስዳል። ወደ 20 ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ፍጥነት ታገኛላችሁ፣ እርግጠኝነት ይቀንሳል። ወደ 200 ከፍ ማድረግም ይቻላል፤ ቁጥሩ ይረጋጋል፣ መልሱ ይዘገያል። በሰከንድ አንድ ሜትር የሚራመድ ሰው በ33 ሚሊሰከንድ 3 ሴንቲ ሜትር፣ በ200 ሚሊሰከንድ 20 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ ይህ ምርጫ የቁጥር ጨዋታ አይደለም፤ መልሱ ሳይደርስ ሰውየው ምን ያህል እንደሚራመድ የምትወስኑበት ነው።

ልኬቱ ሲያልቅ ርቀቱን ከ30ኛውና ከ31ኛው ሪጂስተር ታነባላችሁ። አንድ ባይት ከ255 በላይ መያዝ ስለማይችል ርቀቱ በሁለት ይከፈላል፤ ትልቁ ይቀድማል። ለምሳሌ የመጀመሪያው 3፣ ሁለተኛው 132 ቢሆን፣ 3 በ256 ሲባዛ 768፣ 132 ሲደመርበት 900 ይሆናል። ርቀቱ 900 ሚሊ ሜትር ነው። ቅደም ተከተሉን ገልብጦ ያነበበ ሰው ግን 132 በ256 አባዝቶ 3 ይጨምርና ሠላሳ ሦስት ሜትር ከምናምን ያገኛል። የምስር ፍሬ የምታህል ሴንሰር ያን ያህል ልታይ አትችልም፤ የማይታመን ቁጥር ሲመጣ መጀመሪያ የራሳችሁን አነባበብ ጠርጥሩ።

በአንድ በትር ላይ ሁለት ሴንሰር መትከል ቢያስፈልግስ? አንዱ ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ ታች። ሁለቱም 41 ናቸውና 41 ብላችሁ ስትጠሩ ሁለቱም በአንድ ጊዜ “አቤት” ይላሉ፤ ቃላቸውም ይደባለቃል። መፍትሔው ኤክስሸት በተባለው እግር ሁለቱንም ማስተኛት፣ አንዱን ብቻ መቀስቀስ፣ ለነቃው አዲስ አድራሻ፣ ለምሳሌ 42፣ መስጠት፣ ከዚያ ሁለተኛውን መቀስቀስ ነው። ግን አስታውሱ፦ ኃይል ሲቋረጥ አዲሱን ስሙን ይረሳል። ስለዚህ ስያሜው በተከፈተ ቁጥር ይደገማል።

ዝምታና ሦስት ቁጥሮች

እስካሁን የነገርኋችሁ በየመማሪያው የሚገኝ ነው። ጋሼን የጎዳቸው ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

ሴንሰሩ ከርቀቱ ጋር አብሮ ስለ ልኬቱ ጤንነት የሚናገር ሌላ ቁጥር ይሰጣል። በአምራቹ ቤተ መጻሕፍት በኩል ሲነበብ ዜሮ ከሆነ “ልኬቴን እመኑት” ማለት ነው። 1 ከሆነ “መልሶቼ እጅግ ተበታትነዋል” ማለት ነው። 2 ከሆነ “የተመለሰልኝ ብርሃን ደካማ ነው” ይላል። 4 ከሆነ ደግሞ “የተመለሰው ብርሃን ጊዜ ከልኬቴ ክልል ጋር አልተስማማም” ይላል። አብዛኛው ተማሪ ይህን ቁጥር አያነብበውም፤ ርቀቱ በእጁ ነውና ምን ይፈልጋል?

በእኛ ፕሮግራም የነበረው አንድ መስመር እንዲህ የሚል ነበር፦ “ርቀቱ ከ1000 ካነሰ አንቀጥቅጥ፤ ካልሆነ ዝም በል።” ቀና የሆነ መስመር ይመስላል። አሁን ሦስት ቁጥሮችን በዚህ ወንፊት እናሳልፋቸው። የመጀመሪያው 1800 ነው፤ ነገሩ በእውነት ሩቅ ነው፤ ዝምታው ተገቢ ነው። ሁለተኛው 8190 ነው፤ ሴንሰሩ ምንም የሚታመን መልስ ሲያጣ ይህን ወይም 8191ን ያወጣል። ከ1000 ስለሚበልጥ ዝም እንላለን። ሦስተኛው 65535 ነው፤ በአንዳንድ ቤተ መጻሕፍት ሴንሰሩ ጨርሶ ሳይመልስ የጥበቃው ጊዜ ሲያልፍ የሚመለስ ቁጥር ነው። ሽቦው ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። ይህም ከ1000 ይበልጣልና ዝም እንላለን።

አያችሁ? “ሩቅ ነው”፣ “አላየሁም” እና “ሞቻለሁ” የሚሉ ሦስት መልሶች በእጀታው ላይ አንድ ዝምታ ሆነው ወጡ። ነገሩን የሚያብሰው ደግሞ፣ ያንኑ 65535 ቁጥር ተማሪው አሉታዊ ቁጥርን በሚቀበል ባለ 16 ቢት ቦታ ካስቀመጠው −1 ሆኖ ይነበባል፤ ያን ጊዜ ከ1000 ያንሳልና በትሩ ያለ ማቋረጥ ይንቀጠቀጣል። አንዱ ብልሽት እንደ ቦታው አንድ ጊዜ ሰላም፣ ሌላ ጊዜ ሽብር ይሆናል።

አበው “ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም” ይላሉ። ለሰው ጥሩ ምክር ነው። ሰው ሕይወቱን ለሚጥልበት መሣሪያ ግን ክፉ ምክር ነው።

ፀሐይና ጥላ

ለምን በቤተ ሙከራ አልታየም? መልሱ በአምራቹ ሰንጠረዥ ውስጥ ነበር። ነጭ ነገር በቤት ውስጥ በተለምዶ እስከ 2 ሜትር ይታያል። ግራጫ ነገር 80 ሴንቲ ሜትር። ከቤት ውጭ፣ ያውም ሰማዩ በደመና ተሸፍኖ፣ ነጩ ወደ 80፣ ግራጫው ወደ 50 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። የእኛ ቀን ደመና አልነበረበትም፤ ብረቱም ከግራጫ የጠቆረ ነበር። እኛ ደግሞ አንድ ሜትር ላይ እንዲያስጠነቅቅ አዘዝነው። ያዘዝነው ከተፈጥሮው በላይ ነበር።

ሌዘሩ የሚጠቀመው 940 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ነው። ይህ የተመረጠበት አንዱ ምክንያት በአየር ውስጥ ያለው የውሃ ተን በዚህ ሞገድ አካባቢ ከፀሐይ የሚመጣውን ብርሃን በከፊል ስለሚውጠው ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በላይዋ ያለው አየርና በውስጡ ያለው ተን በባሕር ዳርቻ ካለው ይሳሳል። በታኅሣሥ የሚታወቀው ደረቅ ሰማይ ሲጨመርበት ጥላችን ቀጭን ነው። የሌዘሩን ኃይል ከፍ እናድርገው እንዳትሉ፤ ለዓይን ጉዳት በማያደርስ መጠን የተገደበ ነው፤ አደባባይ ላይ ደግሞ ሕፃናትም ይሮጣሉ።

በኋላ ፈቃድ ጠይቀን ያንኑ በትር፣ ያንኑ ፕሮግራም፣ ያንኑ ዓይነት ብረት ይዘን ወደ ምድር በታቹ የመኪና ማቆሚያ ወረድን። በዚያ ጥላ ውስጥ ብረቱን አየው። ደረጃውን ወጥተን ፀሐይ ላይ ስናቆመው ጠፋው። በመካከላቸው ያለው አንድ የኮንክሪት ጣሪያ ብቻ ነው። የቤተ ሙከራችንም ጣሪያ እንዲሁ ደብቆን ነበር።

ዝምታውን ስለማረም

ያደረግነው እርማት በፕሮግራሙ ውስጥ ከጥቂት መስመሮች አይበልጥም። ርቀቱ ከመነበቡ በፊት የጤንነቱ ቁጥር ይነበባል። ከዚያ እጀታው ሦስት ድምፅ እንዲኖረው አደረግን። መንገዱ እስከሚታየው ድረስ ነጻ መሆኑ ሲታወቅ በየሰከንዱ አንድ ለስላሳ ምት ይመታል፤ “አለሁ፣ እያየሁ ነው” ማለቱ ነው። መሰናክል ሲያገኝ ፈጣን ምት ይመታል። ልኬቱ ካልታመነ፣ ወይም በተወሰነው ጊዜ ውስጥ አዲስ መልስ ካልመጣ፣ ረጅም መንቀጥቀጥ ያሰማል፤ ይህም “አላየሁም፤ በራስህ በትር ሂድ” ማለት ነው። ዝምታ ከእንግዲህ አንድ ትርጉም ብቻ አለው፦ መሣሪያው አይሠራም።

ወደ ታች ለሚያየው ሴንሰር ደግሞ ትርጉሙ እንደሚገለበጥ አስተዋልን። ወደ ፊት የሚያየው “ምንም አላገኘሁም” ቢል ምናልባት መንገዱ ክፍት ነው። ወደ ታች የሚያየው “ምንም አላገኘሁም” ቢል ግን ምናልባት ከፊት ያለው የአደባባዩ ደረጃ አፋፍ ነው። ቁጥሩ አንድ ነው፤ 8190። ትርጉሙን የሚሰጠው ሴንሰሩ አይደለም፤ የተተከለበትን ቦታ የሚያውቀው መሐንዲስ ነው።

ጋሼ ተመልሰው መጡልን። በዚያው በቀትር፣ በዚያው ቦታ በትሩን ያዙ። ብዙውን ጊዜ የተሰማቸው ያ ረጅም መንቀጥቀጥ ነበር። ተማሪዎቼ አፈሩ፤ ሥራቸው በፀሐይ ላይ ብዙ እንደማይረባ በአደባባይ ተገለጠ። ጋሼ ግን ሣቅ ብለው “አሁን እውነቱን ነገረኝ” አሉና ነጭ በትራቸውን ዘርግተው ሄዱ። እኔ ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ በዚያ ቀን ነው ሥራው ያማረው የምለው። የሚያየው ጥቂት ነው፤ ያላየውን ግን አየሁ አይልም።

ከተሰብሳቢ የቀረበ ጥያቄ

አንዲት ተማሪ፦ “መምህር፣ ፀሐይ የማይረብሸውን የድምፅ ሴንሰር ለምን አልተጠቀማችሁም?”

ተገቢ ጥያቄ ነው። ለጆሮ በማይሰማ ድምፅ የሚለካው ሴንሰር ፀሐይን አይፈራም። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚሄድ ጊዜውን መለካትም ይቀልላል። ነገር ግን እሱም የራሱ “አላየሁም” አለው። እንደ ጋቢና ብርድ ልብስ ያለ ለስላሳ ጨርቅ ድምፁን ይውጠዋል፤ ዘንበል ያለ ልሙጥ ገጽ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይወረውረዋል፤ የአየሩ ሙቀት ሲለወጥም የድምፁ ፍጥነት ይለወጣል። አሁን ተማሪዎቻችን ሁለቱን በአንድ በትር ላይ እያጣመሩ ነው፤ አንዱ ሲታወር ሌላው እንዲመሰክር። ሁለቱ ሲለያዩ ግን በትሩ የሚወደውን መልስ አይመርጥም፤ “አልተስማማንም” ይላል።

ነገ ብዙዎቻችሁ መሣሪያ ትሠራላችሁ፤ አንዳንዱ በበትር ላይ፣ አንዳንዱ በሆስፒታል፣ አንዳንዱ በመኪና ላይ ይተከላል። ሥራችሁን ለፈተና ስታቀርቡልኝ የመጀመሪያ ጥያቄዬ “ስንት ሜትር ያያል?” አይሆንም። “ያላየ ጊዜ ምን ይላል?” እላችኋለሁ። መልሱን ይዛችሁ ኑ።